ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት

በአገራችን ቋንቋ ልጅ በማኅፀንዋ ያደረባት ሴት ነፍሰ ጡር ትባላለች፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ቃሉ መልካም ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ሸክሙን ለሴቲቱ ብቻ ሰጥቶ ባልዋን ባዶ እጁን ያስኬደዋል። ሰውነቱ የሚከብደው በእርግጥ የእርስዋ ብቻ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከሰውነት ክብደት ሌላ የአሳብ ክብደት የሚባል አለ፤ ይህኛው ለሁለት ሊከፈል ሲችል በብዙ ቤት ሳይከፈል ይቀራል። ሚስት ባሌን አላስጨንቅ ብላ ዝም ትላለች፤ ባል ሚስቴን አላስደንግጥ ብሎ ዝም ይላል፤ ሁለቱም በአንድ አልጋ ተኝተው ጣራ ሲቈጥሩ ያድራሉ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ስለዚህ ነገር ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ሐኪም ወይም አዋላጅ ሆኜ አይደለም። 38 ዓመት ፊደልና ሒሳብ ያስተማርሁ፣ ሦስት ልጆች የወለድሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር ሴት ነኝ። ነገሩ ለእናንተ ገና ሩቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ትናንት በአጭር ሱሪ ሲሮጡ ያየኋቸውን ተማሪዎቼን ዛሬ በሱቅ በር ላይ የሕፃን ጫማ ሲመርጡ አገኛቸዋለሁና፣ ሩቅ የሚመስለው ነገር የቱን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

እናቶቻችን እርግዝናን ይሸሽጉት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጠላቸውን አስፍተው ይለብሳሉ፤ ጎረቤት ቢጠይቃቸው “ሆዴን ነፍቶኝ ነው” ብለው ያልፋሉ። የሰው ዐይን ይፈራል። ባልም ቢሆን ስለዚህ ጉዳይ በሰው ፊት መናገር ነውር መስሎ ይታየዋል። ልጁ ሳይወለድ ልብስ መግዛትማ ክፉን ነገር በስሙ እንደ መጥራት ይቈጠር ነበር። በዚህ ልማድ የሚስቁ ወጣቶች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስቅም። ሦስት ወልዳ ሁለቱን የቀበረች እናት ለአራተኛው ልብስ ለመስፋት እጅዋ ቢታሰር ምን ይገርማል? ያ ዝምታ የድንቁርና ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ያዘነ ልብ ዳግመኛ እንዳያዝን የሚያጥረው አጥር ነበር። ክፋቱ፣ አጥሩ ክፉውን ነገር አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ረዳትን ነው።

እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ነው። እዚያ የሕፃን ልብስ መስፋት፣ መጠቅለያ ማጠፍ፣ ወተት ማፍላት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ተምረናል፤ ስፌቴም እስከ ዛሬ ሰው የሚያመሰግነው ነው። ሕፃኑ ወደዚያ ልብስ ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ ግን አንድ ቃል የነገረን አልነበረም። እንግዲህ ከአገሬ ዝምታ ወጥቼ ወደ ሌላ ዝምታ ገባሁ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የኋለኛው በሳሙና የታጠበ መሆኑ ብቻ ነው።

ጭንቀቱ የድሀና ያልተማረ ሰው ቤት ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገርም የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። በ1934 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በነቀምት ከተማ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም፣ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በኋላ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ቆመ። በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው፤ እዚያም በረጅም ምጥ ምክንያት በፊስቱላ የሚሠቃዩትን ሴቶች አገኙና ዕድሜያቸውን ለእነርሱ ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ100 ወሊድ ውስጥ በጤና ተቋም የሚፈጸመው 5 ያህሉ ብቻ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 412 እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከግማሽ በታች ወርዷልና ደስ ሊለን ይገባል። የሒሳብ አስተማሪ እንደ መሆኔም ቍጥርን አከብራለሁ። ነገር ግን በማንም መዝገብ ላይ ቍጥር ሆና ያልተጻፈች አንዲት ሴት አውቃለሁና ስለ እርስዋ ጥቂት ልንገራችሁ።

በ1977 ዓ.ም. በመንዝ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከቤቴ አጥር ማዶ አንዲት ወጣት ሚስት ትኖር ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅዋን አርግዛ ወርዋ ገብቷል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍዋ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ሰውነትዋ ይንቀጠቀጣል፤ ዐይንዋ ተገልብጧል፤ አንዱ ክብሪት ያሸትታታል፣ ሌላው ጋኔን ነው ብሎ ጠበል ይረጭባታል። አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ ብለን የለመንን ነበርን፤ ነገር ግን የባልዋ አባት ሳይፈቅዱ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ እርሳቸው ደግሞ ገበያ ሄደዋል። ሲመለሱ መሽቶ ነበር። ቃሬዛ ተሠርቶ፣ ተሸካሚ ተለምኖ፣ ጎሕ ሲቀድ ጕዞ ተጀመረ። ከመንገዱ እኩሌታ አልደረሰችም።

በለቅሶው ቤት የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ታናሽ እኅትዋ “ራሴን ፈለጠኝ፣ ዐይኔ ጨለመብኝ ስትል ሰንብታ ነበር፤ ለባሌ እንዳትነግሪው፣ አሁን አጨዳ ላይ ነው አለችኝ” ብላ ተናገረች። ባልዋ ደግሞ ፊትዋና እጅዋ ማበጡን አይቶ ነበር። ቀለበትዋ አልወጣ ቢላት በቅቤ አሽቶ ያወጣላት እርሱ ነው። “እንዳትደነግጥ ብዬ፣ ወፈርሽ ብዬ ቀለድሁባት” አለ። እንግዲህ አስቡት፤ እኅት ራስ ምታቱን ታውቃለች፣ ባል እብጠቱን ያውቃል፣ ሁለቱን እውቀት አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። በእርግዝና መጨረሻ ወራት የማይተው ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታና ብልጭታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ሲመጣ፣ በእርግዝና ምክንያት የተነሣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ዛሬ ማናቸውም አዋላጅ ነርስ ትነግራችኋለች። ይህ ግፊት ሳይታከም ሲቀር ነው እንደዚያ የሚያንቀጠቅጠው።

በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ሴቶች ተመራማሪዎች፣ ታዴየስና ሜይን፣ እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ብለው ጻፉ። አንደኛው ለመሄድ እስኪወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ መዘግየት ነው። መንገድ መሥራትና ሐኪም መሾም የመንግሥት ሥራ ነው። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደ ተደረገው፣ ቤትዋ ሩቅ የሆነባት ነፍሰ ጡር ምጥዋ ሳይመጣ መጥታ የምትቀመጥበት ማቆያ ቤት ማዘጋጀትም የተቋም ሥራ ነው። የመጀመሪያው መዘግየት ግን የሚጀምረው ከቤት ውስጥ፣ ከአልጋና ከምድጃ አጠገብ ነው።

ይህን የተመለከተ አንድ ደስ የሚል ነገር በራሴ ግቢ አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. በግቢዬ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን የተከራዩ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። እርሱ በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ተቀጥሮ የሚሠራ አናጢ ነው፤ እርስዋ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ የምጽፈውን ግን አንብበው ፈቅደውልኛል። በሰኔ ወር አንድ ጧት ልጅቱ ልብስ ስታሰጣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ “እትዬ፣ አርግዣለሁ፤ ግን ከአሁኑ ፍርሃት ያዘኝ። ለእርሱ እንዳይነግሩብኝ፤ በኪራዩና በሥራው አሳብ ይበቃዋል” አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ባልየው በር ላይ አገኘኝና “እትዬ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእርስዋ እንዳይነግሯት፤ እርስዋ እንኳን ደስ ብሏት ነው ያለችው” አለኝ።

እኔ የሁለት ሰው ምስጢር ጎተራ መሆን አልወድም። ከትምህርት ቤት ከተረፉኝ ደብተሮች አንዱን አወጣሁና ሁለቱን ጠርቼ፣ “ለእኔ የምትነግሩኝን ከእንግዲህ በዚህ ጻፉት” አልኋቸው። ሥርዓቱም ይህ ነው፤ አሳብ የመጣበት ሰው በመጣበት ቀን ይጽፋል፤ ቅዳሜ ማታ ከቡና በኋላ አብረው ያነቡታል፤ መላ የተገኘለት ይሰረዛል፤ ያልተገኘለት በመደመር ጊዜ በእጅ እንደምንይዘው አኃዝ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወራል። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ግን ደብተሩ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ቦታ አገኘ።

በመጀመሪያዎቹ ገጾች የተጻፈው ትንንሽ ነገር ነው። ከጎረቤት የሚመጣው የቁሌት ሽታ ሆድዋን ይገለብጠዋል። ሌሊት ቃር ያስነሣታል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞችዋ የሕፃኑ ጠጉር እየበቀለ ነው አሏት። (ቃር የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲወጣ የሚመጣ ነው፤ ማታ ጥቂት መብላትና ከትራስ ከፍ ብሎ መተኛት ያቀለዋል።) ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የደም ማነስ መከላከያ ኪኒን አፍዋን ብረት ብረት ይለዋል። ባልየው ከዚህ በታች “ኪኒኑን ከቡና ጋር አትውሰጂ ብላለች ነርሷ፤ አንቺ ግን ትወስጃለሽ፤ አይቻለሁ” ብሎ ጽፏል። ነርሷ እውነትዋን ነው። ቡናና ሻይ ብረቱ በሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያግዱታል። ከዚያ ወዲህ ቡናው ከኪኒኑ ርቆ እንዲጠጣ ተወሰነ፤ ሦስተኛውም በረካ ቀረ።

የእርሱ ጭንቀት ሌላ ዓይነት ነው። “የባጃጅ ሾፌሩ ሌሊት ስልኩን ይዘጋል።” “ምጡ ሌሊት ቢመጣ በሩን የሚከፍት ማን ነው?” “ዕቁቡ እስከ ጥር ባይደርሰኝስ?” እንዲህ ያለው ጭንቀት ሲጻፍ ወዲያው ግማሹ ሥራ ይሆናል። ስልኩን የማይዘጋ ሌላ ሾፌር ተፈልጎ ቍጥሩ በደብተሩ ሽፋን ላይ ተጻፈ፤ ሁለተኛም ተጠባባቂ ተጨመረ። የዕቁቡን ሰብሳቢ አነጋግሮ ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተራውን ተለዋወጠ። የግቢው በር ቍልፍ አንዱ ለእነርሱ ተሰጠ። በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ “ሰው ስንጨምር ባለቤቷ ኪራይ ትጨምርብን ይሆን?” የሚል አገኘሁ። ደብተሩን ለእኔ እንደሚያሳዩኝ ዘንግቶ የጻፈው ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጨምር?

ሌላም አለ። “ሴት ልጅ ብትሆን አባቴ ፊቱን ያጠቍር ይሆን” ብሎ ጽፎ ነበር። በአንዳንድ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሚስቱ ከሥሩ “አራቱን እኔ እጨምራለሁ” ብላ መለሰችለት። እንዲህ ባለ ቀልድ የሚሰረዝ ጭንቀት ጥቂት አይደለም።

በመስከረም ወር ከተጻፉት ውስጥ ግን ተጽፎ በብዙ መስመር የተሰረዘ አንድ ቃል አለ። መላ ተገኝቶለት አይደለም የተሰረዘው፤ ጸሐፊው ራሱ ፈርቶት ነው። ሚስቱ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ስታየው “ብትሞቺብኝስ” የሚል ሆኖ አገኘችው። ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ከተሰረዘው ቃል በታች በደኅና ጽሕፈት “እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው” ብላ ጻፈች። በዚያ ቅዳሜ ቡናው ሦስት ጊዜ ተቀዳ፤ ወደ እኔም አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ግን ጽሕፈቱ ተለወጠ። የሁለቱም የደም ዓይነት ተጻፈ። አደገኛ የሚባሉ ምልክቶች ከጤና ጣቢያው ተገልብጠው ተጻፉ፤ ደም መፍሰስ፣ ውኃ መፍሰስ፣ ትኵሳት፣ የማይተው ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ። እርሱ ሥራ ላይ ቢሆን ማንንም ሳትጠይቅ እንድትሄድም ውል ገቡ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘኝ፤ በመንዝ የጠፋው ይህ ነበርና።

የቀጠሮውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. አንዲት ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር ትገናኝ ብሎ መክሯል፤ ቀድሞ የሚመክረው አራት ጊዜ ነበር። ብዙዎች ሆዳቸው ሲገፋ ነው የሚሄዱት። ነገር ግን የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቧንቧ የሚዘጋው ከፅንሱ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ለዚህ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ከእርግዝና በፊት ቢጀመር ይሻላል። ስለዚህ ልጅ ያሰባችሁ እንደ ሆነ ወሬውን ከጎረቤት ብትሸሽጉት እንኳ ከነርስዋ አትሸሽጉት።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልም፤ በየቤቱ የታወቀ ነው። ለገንፎ የሚሆነው ገብስ ተቆልቶ ተፈጨ፤ አብሽ ተለቀመ፤ ቅቤ ተነጠረ። ከአሮጌ ነጠላ ለስላሳ መጠቅለያ ቀደድን፤ አሮጌ ሸማ ለሕፃን ገላ ከማናቸውም አዲስ ጨርቅ ይሻላል። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ ቀልድ አይደለምና የሱፍ ኮፍያ እኔ ሠራሁ። አልጋው ግን አከራከረ። አናጢ ለልጁ አልጋ ሳይሠራ እንዴት ይቀመጣል? ሳይወለድ ከተሠራ ደግሞ የሚስቱ እናት ምን ትላለች? በመጨረሻ እንጨቱን ሁሉ ቈርጦ፣ ልጎ፣ ቀዳዳውን በስቶ፣ ሳይገጥም ከበሩ ኋላ አቆመው። “ይህ እንጨት ነው እንጂ አልጋ አይደለም” አለ። እኔም በነገሩ ተስማማሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ እናትዋ ከገጠር መጡ። ቅቤና ዶሮ ይዘው፣ ልጃቸውን ሲያዩ “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” እያሉ እያለቀሱ ገቡ። በሁለተኛው ቀን ደብተሩን አዩና ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው ተቈጡ። “ክፉ ነገር ይጻፋል እንዴ? የተጻፈ ነገር ይጠራል!” አሉ። ልጅቱ ልትከራከር ስትል ባልየው ዝም አሰኛትና፣ “እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ እስቲ እርስዎ ደግሞ የሚያውቁትን ይንገሩን፤ እኔ ልጻፍ” አላቸው። ብልኅ ልጅ ነው። እርሳቸውም ጥቂት አኵርፈው ቆዩና ቀስ በቀስ ይናገሩ ጀመር። ስድስት ወልደው አራት አሳድገዋል። ሁለቱ እንዴት እንደ ሞቱባቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ለልጃቸውም ጭምር። አንዱ በተወለደ በሦስተኛው ቀን፣ በብርድ ሌሊት ነው የሞተው። ልጁ ሲወለድ ወዲያው ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ አጥበውት ነበር፤ ልማዱ ነበርና። የዛሬው ምክር ሕፃኑን አድርቆ ከእናቱ ራቁት ደረት ላይ ማስተኛት፣ ገላውንም ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት አለማጠብ ነው። ይህ ሲነበብላቸው ለረጅም ጊዜ እሳቱን ያዩ ነበር። በቅቤው ነገር ግን በቀላሉ አልተሸነፉም። ለሕፃኑ ከጡት አስቀድሞ ትንሽ ቅቤ መዋጥ ይገባዋል አሉ። እንገሩ ለልጁ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነው፣ ላም እንኳ እንገርዋን ለጥጃዋ ትሰጣለች ብንላቸው ይህ የላም ነገር ገባቸው። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን ተብሎ ታረቅን።

በጥር ወር መጀመሪያ፣ 37ኛው ሳምንት እንደ ገባ፣ ረቡዕ ማታ ባልየው ደብተሩን ይዞ በሬን አንኳኳ። ቅዳሜ አልደረሰም ነበር። ከአንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አሳየኝ። ሰኞ ዕለት እርሱ “ፊቷ አበጥ ያለ ይመስለኛል፤ ወይስ ወፈረች?” ብሎ ጽፏል። ረቡዕ ቀን እርስዋ ስለ አራስ ቤቱ መጋረጃ ከጻፈችው ቀጥላ “ራሴን ከትናንት ጀምሮ አልተወኝም፤ ዐይኔ ላይም ብልጭ ይላል፤ ከፋይሉ ንባብ ይሆናል” ብላለች። ጫማዬን እንኳ በደንብ አላሰርሁም። እናትዋ ቅዳሜና እሑድን እንጠብቅ፣ ጥቂት ትረፍ አሉ፤ እርሱ ግን “እማማ፣ ተዋውለናል” አለና በሽፋኑ ላይ ያለውን ቍጥር ደወለ። የመጀመሪያው ሾፌር አላነሣም። ሁለተኛው አነሣ።

በሆስፒታሉ ግፊትዋ ተለካ፣ ሽንትዋ ተመረመረ፤ እንደ ጠረጠርነው ሆነ። የግፊት መድኃኒትና መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ተሰጣት፤ ከዚያም ሕፃኑ ጊዜው ደርሷልና ምጡ በመድኃኒት እንዲመጣ ተደረገ። ሰው እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚቈጥረው በሰዓት አይደለም። ባልየው በመተላለፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል እናትዋ ደብተሩን በነጠላቸው ሸፍነው በደረታቸው ይዘውት ነበር። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። እናትዋ በመተላለፊያው ሦስት እልል አሉ፤ ነርሶቹ ዝም በሉ ሲሏቸው ባልየው በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸውና አራቱን ጨመሩ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላዲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ለአባትየው ደግሞ ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ሦስት ቀን ጥቂት ነው፤ ለእርሱም ሁለቱ በሆስፒታል አለቁ፤ ከወሊድ በኋላም ግፊቱ ሊነሣ ይችላልና ቶሎ አልለቀቋትም። በሦስተኛው ቀን ቤት መጥቶ የተቈረጠውን እንጨት ከበሩ ኋላ አውጥቶ ገጠመው። በአራተኛው ወደ ሥራው ሄደ።

ደብተሩ አላለቀም ነበርና አልተዘጋም። የሕፃንዋ ሆድ ቍርጠት፣ የእንቅልፍ ነገር፣ እናትየዋ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጅቱን የሚይዝ ሰው፣ ሁሉም በተራው ተጻፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቲቱ ብቻቸውን ወደ እኔ መጡ። ደብተሩን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው “እትዬ፣ የእኔን ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ለልጆቹ ለመናገር አፈርሁ” አሉ። ብዕሬን አነሣሁ። አገር ቤት ትተዋት የመጡት ላም በዚሁ ሰሞን ትወልዳለች፤ ጎረቤት ያደራውን ይጠብቅ አይጠብቅ አያውቁም፤ ልጃቸው ሳትጠና ለመሄድም ሆድ አልቻሉም። እንዳሉት አድርጌ ጻፍሁት። ቅዳሜ ማታ ተነበበ፤ እሑድ ጧት ባልየው በመጀመሪያው አውቶቡስ ላሚቱን ሊያይ ሄደ።